እንደሰገድኩ እንቅልፍ የወሰደኝ ቀን

ታዴ፣ የቤቴ ጌታ፣

ነፍስህ በሰላም ትረፍ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ደህና ነኝ ልልህ አስቤ ነበር፤ ግን ላንተ ዋሽቼ አላውቅምና ዛሬ አልጀምርም። አፍሬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰብለ ሥራዋ ሳሪስ ስለሆነ እዚያው ቤት ተከራይታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ትላለች። ያ ዘወትር የሚያፈሰው የጓዳ ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ተቀይሯል። ባቡሩም አለ፤ ከጣቢያው ሲነሣ ሲጮህ አሁንም እሰማዋለሁ። የጣቢያው የሥራ ጓደኞችህ ግን ከድሬዳዋ የሚመጣው በሰዓቱ የሚደርስበት ቀን ጠፍቷል ብለው ያማርራሉ።

ሰብለ ከወጣች በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ያን ዝምታ መቻል አቃተኝና አገልግሎት ላይ ወደቅኩ። ለሰንበቴው ድፎ የምደፋ እኔ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሜ የምደርስ እኔ፣ የማኅበራችን ተረኛ ብትታመም የምተካት እኔ። በአምስት ሳሪስ አቦ፣ በሃያ አንድ ደግሞ ለማርያም እዚሁ ደብራችን። ቅዳሜም ሰንበት ነው፣ እሑድም ሰንበት ነው እያልኩ ሁለቱንም ቀን ወገቤ እስኪቆረጥ ስሮጥ እውላለሁ። እግዚአብሔር ያረፈበትን ቀን እኔ ሳላርፍ ያከበርኩት መስሎኝ።

አንተ ግን ማረፍ ታውቅበት ነበር። የሌሊት ተራህን ጨርሰህ፣ እሑድ ካስቀደስን በኋላ ምሳህን በልተህ ጫማህን ታወልቅና ትተኛለህ። እኔ ድስት ከድስት እያጋጨሁ እንድትነቃ አደርጋለሁ። አንድ ቀን እንግዳ ፊት፣ በእግዜር ቀን የሚያንኮራፋ ክርስቲያን ካንተ በቀር አላየሁም አልኩህ። አልተቆጣህም። እኛ ጋ ያልተኛ ሰው ሐዲድ አይቀይርም፤ ክርስትና ከባቡር ቀለለ እንዴ ብለኸኝ ወደ ግድግዳው ዞርክ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አሁን በፍልሰታ ወደሆነው ልምጣ፤ እስካሁን ስሸሸው ነበር። ሱባኤ ለገቡት ንፍሮ ስቀቅል ዋልኩ፣ ሌሊቱን ሰዓታት ቆምኩ፣ በማግሥቱ ደግሞ ቅዳሴ ገባሁ። ሕዝቡ ሲሰግድ አብሬ ሰገድኩ። ሕዝቡ ሲነሣ እኔ አልተነሣሁም። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ እንደደፋሁ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስነቃ ቅዳሴው አልቋል፤ የማኅበሬ ሴቶች ከበውኝ ቆመዋል፤ ነጠላዬ ረጥቧል። በተመስጦ ነው የቆየችው፣ ዕንባዋን አላያችሁም እንዴ ይባባላሉ። ዕንባ አልነበረም ታዴ፣ ለሃጬ ነው። አንተ ብትኖር ገና ከሩቅ ታውቀኝ ነበር።

ተኝቼ ነው ማለት ምን ይከብዳል? አልወጣልህ አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ እነሱም ያንን ትሕትና አሉት። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ እያስቆሙ የልጆቻቸውን የክርስትና ስም ይነግሩኝ ጀመር፣ በጸሎትሽ አስቢልን እያሉ። ደስ አለኝ። ከመተኛቴ ይልቅ ደስ ማለቱ ነው የሚያሳፍረኝ።

ፋብሪካ አብራኝ የሠራችውን ጎረቤታችንን አስካለን ታስታውሳታለህ። በመስከረም አሟታል ሲሉ ልጠይቃት ገባሁ። ፊቷ አብጧል፣ ቆማ መሄድ ያዞራታል። የደም ብዛቷ ኪኒን እንደታሸገ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ለምን እንዳልዋጠችው ብጠይቃት፣ አንቺ እየጸለይሽልኝ ኪኒን ምን ያደርግልኛል አለችኝ። እኔ ግን ማታ ውዳሴ ማርያም ስከፍት ከሁለተኛው ገጽ ሳላልፍ ነው የማሸልበው። ስሟን አንድ ቀን እንኳ አልጠራሁም።

እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ወጥቼ ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥኩ። ነገሩን ገና ሳልጨርሰው፣ ለመሆኑ ለእሷ ነግረሻታል ወይ ብለው ከመንገዴ መለሱኝ። ተመልሼ ነገርኳት። አስካለ ኪኒኑን አውጥታ ፊቴ ዋጠች፣ ስወጣ በሩን እንድዘጋው ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ለማኅበራችን ሴቶች ሁሉንም ነገርኳቸው። ወጣቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፣ ትልልቆቹ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ። ሳቁ ይሻለኝ ነበር።

ቀኖናዬን ልቀበል ስሄድ ስግደት እንዲያበዙብኝ ለመንኩ። ስግደቱንማ ተኝተሽበታል አሉኝ አባ። ያዘዙኝ ሌላ ነው። እሑድ ካስቀደስኩ በኋላ ቤቴ ገብቼ፣ ምሳዬን በልቼ እንድጋደም፤ እስከ ማታ ለማንም ምንም እንዳልሠራ። ይህ እንዴት ቀኖና ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ። አንቺን የሚከብድሽ እሱ ስለሆነ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መቶ ስገጂ ቢሉኝ በደስታ እሰግድ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ጣራውን ሳይ ቆየሁ። እጄ ሥራ ፍለጋ ይቁነጠነጣል። ያን ጊዜ ነው ድስት ሳጋጭብህ ምን ይሰማህ እንደነበር ያሰብኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው ነበርክ። ለብቻዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ደጅ ላይ ሰው መጣ። ለክርስትና ድግስ ወጥ እንድሠራላቸው ሊጠሩኝ ነው። ልነሣ ጫማዬን ስፈልግ የአስካለን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ያልተናገረችኝ አስካለ፣ ቀኖናዬን ከማን እንደሰማች እንጃ፣ በራችን ላይ ተቀምጣለች። ተኝታለች፣ ዛሬ አትነሣም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ትላቸዋለች። ተመልሼ ተጋደምኩ። እያፈርኩ፣ እያለቀስኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ከአስካለ ጋር እንነጋገራለን። ኪኒኗን ጠዋት ጠዋት ትውጣለች።

ታዴ፣ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይህን ለአባም አልነገርኩም። በአርባህ ተዝካር ላይ እኔ ዳሱ ውስጥ ወጥ ሳወጣ፣ ጠላ ሳስቀዳ ነበርኩ። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱልህ፣ ስምህን ሲጠሩ አልሰማሁም። ሰው ሁሉ በወግ በማዕረግ ሸኘችው ብሎ አመሰገነኝ።

የሙት ዓመትህ ደርሷል። ወጡን አስካለና ሰብለ ያወጡታል፤ አነሰም በዛም እነሱ ያውቃሉ። እኔ ከካህናቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስምህ ሲጠራ እሰማዋለሁ።

ያንተው ወርቅነሽ