ክሩ ከተበጠሰበት

ውድ ልጄ፣

መርዶሽ ቃል አልነበረውም። ሆስፒታል የምወስድልሽን ፎጣ እያጠፍኩ ሳለ፣ እናንተ ፋብሪካ ውስጥ ድንቢጥ የምትሏት ጓደኛሽ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?» አልኳት። ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ አነሳችና የጨበጠቻቸውን ጣቶች በተነቻቸው።

ያንን ምልክት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ክር ተበጠሰ ማለት ነው። ፎጣሽን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ፈትል ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው የሚያወራው በእጁ እንደሆነ የነገርሽኝ ሥራ በጀመርሽ ሰሞን ነበር። ክር ሲበጠስ ጣት ይበተናል፤ ሲቀጠል ሁለቱ ሌባ ጣቶች ይቆላለፋሉ። እራት ላይ እንኳ ጨው የምትጠይቂኝ በእጅሽ ነበር። «እዚህ ማሽን የለ፣ አፍሽ ምን ሆነ?» ስልሽ፣ «ዕረፍት ወጥቷል» ብለሽ ትስቂያለሽ። ቆይቶ ግን ያ ሳቅ በሳል ይቋረጥ ጀመር።

የጥጥ ብናኝ ነው። አየሩን የሚያጣራ ማሽን ይግባ ያለ ሰው ከሥራ ይባረር ነበር። የታመመ ይቀራል፤ እሱ ሲቀር ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ሲቆም ደመወዝ ይቀንሳል፤ ያነሰው ደመወዝ እንዳይቀርበት ደግሞ ሁሉም አፉን ይዘጋል። «ለመሆኑ የቱ ነው የሚቀድመው? ጤናው ነው፣ ኑሮው ነው ወይስ ነጻነቱ?» ብዬ ጠይቄሽ ነበር።

«እማዬ፣ ልቃቂት ሲወሳሰብ ጫፉን ስትፈልጊ አትዋይ። ከተበጠሰበት ያዢና ቀጥዪ» አልሽኝ።

«የእናንተው የት ነው የተበጠሰው?»

«አፋችን ላይ ነዋ!»

እናት ነኝና «በይ አፍሽን ያዢ» አልኩሽ። «አፌን ይዤ በየት በኩል ልሳል?» አልሽ። ሳቅሁም፣ ፈራሁም።

የስብሰባውን ቀን ድንቢጥ ደጋግማ ስለነገረችኝ አብሬያችሁ የነበርኩ ይመስለኛል። አለቆች ይናገራሉ፣ ሠራተኛ ያጨበጭባል፤ ወጉ ይኸው ነበር። አንቺ ተነስተሽ የአየር ማጣሪያው ማሽን መቼ እንደሚገባ ጠየቅሽ። ሥራ አስኪያጁ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ሥራችሁን ሥሩ» አለ።

«ጌታዬ፣ ጉልቻው ይለወጥ አላልንም። ጭሱ መውጫ ይኑረው ነው ያልነው» አልሽው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ጠረጴዛውን ደበደበና «ከእንግዲህ አንዲት ቃል የሚተነፍስ ነገ እንዳይመጣ!» አለ።

አልተነፈስሽም። ዝም ብለሽ እጅሽን ከራስሽ በላይ አነሳሽና ጣቶችሽን በተንሻቸው። ድንቢጥ አነሳች፣ ከኋላችሁ ያሉት አነሱ፣ የጥገና ሠራተኞቹም አነሱ፤ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ቃል የተነፈሰ የለ፣ ማንን ያባርር? ክር ተበጥሷል ከተባለ ደግሞ እስኪቀጠል ማሽን አይነሳም፤ የፋብሪካው የራሱ ደንብ ነው። በማግስቱ ሁላችሁም በየማሽናችሁ አጠገብ እንደዚያው ቆማችሁ ዋላችሁ። እኔ ሰፈር ሆኜ ዝምታውን ሰማሁት። ጩኸቱን የለመደ ጎረቤት ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ደጅ ወጥቶ ነበር።

በዚህ የተነሳ የአየር ማጣሪያው ገባ። የሚያስሉት እየቀነሱ ሄዱ፤ ቆመው የነበሩት ማሽኖች ሰው አገኙ። ፋብሪካው አብልጦ ሸጠ፣ ደመወዝም ተጨመረ። በሩ ፊት ያለችው ሻይ ሻጭ እንኳ አንድ አግዳሚ ወንበር ጨምራለች። ስብሰባ ላይ አሁን የሚቀድመው የሠራተኛው ጥያቄ ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁም እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ያንኑ ማጣሪያ ነው። ያሳይ፤ እኔ ምን ቸገረኝ።

ለአንቺ ብቻ ዘገየ። ሳንባሽ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር። አልጋሽ ላይ ሆነሽ «አይቆጭሽም?» ብልሽ፣ «አዲሶቹ ልጆች እኮ እየዘፈኑ ነው የሚሠሩት፣ እማዬ። በዚያ ጩኸት ማንም አይሰማቸውም፤ ግን ለመዝፈን ትንፋሽ አላቸው» አልሽኝ። ይህን ስትዪ ፊትሽ ላይ የነበረው ደስታ እስካሁን ያስገርመኛል። ወልጄሻለሁ፤ ያንን ልብ ግን ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም።

ቀብርሽ ላይ ቀና ብል ሠራተኛው በሙሉ ቆሟል። ሁሉም ሌባ ጣቶቹን ቆላልፎ ከራሱ በላይ ይዟል። ከኋላ ሥራ አስኪያጁ ጣቶቹን እንዴት እንደሚያቆላልፍ ጠፍቶበት ሲጨነቅ ድንቢጥ ያዘችና አስተካከለችለት። እኔም እያለቀስኩ ጣቶቼን ቆላለፍኩልሽ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እስቲ አንዴ በረጅሙ ተንፍሱ። ከዚያ በየእምነታችሁ፣ አምላክ የልጄን ነፍስ ንጹሕ አየር ባለበት እንዲያሳርፍልኝ ለምኑልኝ።

የምትኮራብሽ እናትሽ