የዙልፋ ዴስክቶፕ

አሚር፣
ልብሴን እያጣጠፍኩ ነው የምጽፍልህ፤ ወደ ሐራ የሚሄደው መኪና ሊነሳ ነው።

ትናንት «ዊንዶውሱ ውስጥ የጫንከውን ኮተት አጥፋልኝ፣ ላፕቶፔን ሞላው» ብለኸኝ ነበር። የጫንኩት እኔ ነኝ፤ የምትሠራበት ግን እህትህ ነበረች።

ሊኑክስ የሚለውን ምልክት ስትጫን በመስኮት ውስጥ ሌላ ዴስክቶፕ ይከፈታል። ዙልፋ እንደተወችው ነው። መንዙማ ስትል የቀዳችው ድምጿ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ስላልጠራህ እኔም አልጠራሁም።

ስትጨርስ መስኮቱን በኤክስ አትዝጋው። መጀመሪያ የውስጡን ዴስክቶፕ፣ ከዚያ የውጩን ዊንዶውስ ዝጋ። ባትሪው ስለማይሠራ መብራት ከሄደ የቀዳችው ሊበላሽ ይችላል።

ላጠፋው አልቻልኩም።
ድምጿን ለራሴም አልገለበጥኩም፤ ማስፈቀድ የነበረብኝ እሷን ነው።

የይለፍ ቃሉን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ ላፕቶፑን አልጋህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ኪሩቤል