የማረሻና የወንፊት ክርክር

ለታናሽ ወንድሜ፣ ኮን ላለኸው፤

በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ አንተ ከሳሽ እኔ ተከሳሽ ብንሆንም ሰላምታ አይከለከልምና እንደምን ከረምህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? የጉልበትህ ቁርጥማት እዚያ በዋድላ ብርድ አልባሰብህም? ስልክህን ስለማታነሣልኝ ይህን ደብዳቤ ለአይሱዙው ሾፌር ለዘመኑ ሰጥቼዋለሁ። «ሳያነበው ቢቀድደውስ?» አለኝ። «ቀድዶ ከጣለ በኋላ ለቅሞ ማንበቡ አይቀርም፣ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ» አልኩት።

እኛ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ዓይኗ ደከም አለ እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። ነጯ ላምህ ወልዳለች፣ እኔው ነኝ የማልባት። መጀመሪያ ላይ ትራገጥ ነበር፣ የጌታዋን ወገን ይዛ መሰለኝ። አሁን ለምዳኛለች።

እኔ ደስ ብሎኛል፣ ምን እዋሽሃለሁ። በአንድ ድምፅም ቢሆን ምርጫ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው። ጎረቤታችን ወለተ ሩፋኤል «የተከበሩ» እያለች ከመቀመጫዋ ትነሣልኛለች። ባጃጅ ነጂዎቹ የምርጫ ምልክቴን ይዘው «ወንፊቷ መጣች» ይሉኛል፤ አንዱማ «ማረሻ በወንፊት ሲያልፍ ያየነው በእናንተ ቤት ነው» አለኝ። እስቃለሁ። ብቻ ሳቁ ከአፌ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም። ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ በመርፌ የሚያደነዝዙትን ድድ ታውቅ የለ? ትነካዋለህ፣ የራስህ አይመስልህም። ከፍርዱ ወዲህ እንደዚያ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስብሰባ እገባለሁ።

የፍርዱ ቀን አንተም ነበርክ፣ ግን እኔ እንዳየሁት ልንገርህ። ለአንዲት የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እህትና ወንድም መወዳደራችን ራሱ ለሰው ጨዋታ ሆኖ ነበር። በአንድ ድምፅ በለጥኩህ። አንተ ደግሞ ዋጋ የለውም ተብሎ የተጣለውን አንድ ወረቀት ይዘህ ተከራከርክ፤ ቢቆጠርልህ እኩል እንሆንና ዕጣ ይወጣል። ዳኛው ወረቀቱን አስመጥተው ለሁለታችንም አሳዩን። በማረሻህም በወንፊቴም አጠገብ መስቀል ተሠርቷል። ጠበቃህ ምሥጋናው «በማረሻው በኩል ያለው ጠንከር ብሏል፣ መራጩ የፈለገው እሱን ነው» አለ። የእኔው ጠበቃ «እስክሪብቶ ሲጀምሩበት ሁልጊዜ ይጠነክራል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔና አንተ አልሳቅንም። መስቀሎቹ ሌላው ሰው እንደሚሠራው አልነበሩም፤ ከግርጌያቸው እንዳይወድቁ ያህል ትንሽ ትንሽ መቆሚያ ተደርጎላቸዋል። ቀና ብዬ ሳይህ ኮፍያህን እያሻሸህ መሬት መሬት ታያለህ። እስከዚያች ደቂቃ ስትጮህ የነበርክ ሰው ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣህም። ደክሞት ነው አሉ። እኔም ደክሞት ነው አልኩ።

«ድምፁ ዋጋ የለውም» ሲባል ሴቶቹ እልል አሉልኝ። እኔ ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰለህ? እርጥብ ጨርቅ አንሥቼ ጎተራው ላይ በአመድ የተሠሩትን መስቀሎች ጠረግሁ። እንኳን ደስ ያለሽ ባዩ ከፍርድ ቤት በቀጥታ እየመጣ ነበራ። እናታችን አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ምክር ቤት የገባ ሰው ሃይማኖቱን ይተዋል?» አለችኝ። አቧራ መስሎኝ ነው አልኳት። በማግስቱ መልሳ ሠራቻቸው፣ ከነመቆሚያቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይግባኝ ማለትህን ሰምቻለሁ። መብትህ ነው። ግን ምሥጋናው «እንዲህ የሚሳሳቱት አሮጊቶች ናቸውና የመንደሩ አሮጊቶች ሁሉ ወልድያ ይግባኝ ሰሚው ፊት ይቅረቡ፣ በሁለት ቦታ ምልክት ያደረገችው በመሐላ ትናገር» ብሎ ማመልከቱን ነገሩኝ። አንተ አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ? ያን ወረቀት ያየህ ሰው ይህን ትፈርማለህ ብዬ አላምንም። አንዷን አቁመው «የትኛውን ነበር የፈለግሽው?» ቢሏት ምን ትመልስ? ያንን ጥያቄ ከዳኛ አፍ መስማት አልችልም። መልሱንም።

ለወንበሯ ስትል ነው ትለኝ ይሆናል። ወንበሩንማ እወደዋለሁ። የታችኛውን ሰፈር ውሃ ነገር ጀምሬያለሁ፣ እጄን ሳወጣ ወንዶቹ ዝም ብለው ይሰሙኛል፣ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ከፈለግህ «ያ ድምፅ ለወንድሜ ይቆጠርና ዕጣ ይውጣ» ብዬ እፈርማለሁ። ጠበቃዬ «አብደሻል፣ በእጅሽ ያለውን?» አለኝ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ መስቀል ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይህንን ለጠበቃ ሳይሆን ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩልህ። ዕጣው ላንተ ቢወጣ አንድ ሳምንት አኮርፍሃለሁ፣ ከዚያ ይለቀኛል። አሮጊቶቹን ብቻ አታስጠራ።

አንተ ቤቱን ረግጠህ ከሄድክ ወዲህ ለእናታችን ኮን ሥራ ይዞት ነው እያልኩ ነው የምመልሰው። ትናንት ጥጃውን እያሻሸች ተቀምጣ ሳለች «ወንድምሽ ምነው ይህን ያህል ዘገየ?» አለችኝ። ያንኑ ደገምኩላት። «ኋላ ሁለታችሁም ስብሰባ ስትገቡ ከብቱን ማን ሊያይ ነው?» አለች።

«ተራ በተራ እንገባለን» አልኳት።

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አለችና ጥጃውን ማሻሸቷን ቀጠለች።

የላሊበላ አምላክ ቤትህን ይጠብቅልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ እግርህንም ወደ ቤት ይመልስልን። ዘመኑ ማክሰኞ ይመለሳል፤ ከፊት ወንበር አንድ ቦታ እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ።

አዝላ ያሳደገችህ
እህትህ