እናቶቻቸውን በዕድሜ የሚበልጡ ግልገሎች

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1979

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ልክ በዚህ ሰዓት የሦስት ዓመት ሥራዬ ከእጄ ወጣ። ደቂቃውን የማውቀው ዓይኔን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክዬ ስለነበር ነው... ጓድ ገብረአብን ባየው ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት ተራ ሰኞ ነበር። ብርድ። ሻይ። ሁለት በጎች ከበረት አምልጠው የጣቢያውን ጎመን በሉ። ከዚያ ቅዳሜ የመጣው ኮምፒውተር ተከፈተ።

ጓድ ገብረአብ የበግ ምርምር ጣቢያችን ኃላፊ ነው። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሰልጥኖ መጥቷል፤ በአንድ ጣት ይጽፋል። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።

አሥራ አንድ ደብተሮቼን አስደረደረኝ። መዘዞ፣ አንኮበር፣ አልዩ አምባ... ግልገሉን በጆንያ አድርጌ ሚዛን ላይ እያንጠለጠልኩ፣ እየሸኑብኝ የሞላኋቸው። አንዱ ገበሬ "የኪዳነ ምሕረት ማግስት ተወለደች" ሲለኝ፣ ሌላው "የመውሊድ ሳምንት" ሲለኝ፣ ሁሉንም በቀን በወር መልሼ የጻፍኳቸው።

ማሽኑ በአረንጓዴ ፊደል ሥራውን የሠራውን ሰው ስም ጠየቀ። የጓድ ገብረአብ ጣት ተነሳች... የራሱን ስም ጻፈ።

"የኔስ?" አልኩ።

"አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ማሽኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ወለተሐና።"

ማሽኑ በግ ይዞ ያውቃል? እሱስ ይዞ ያውቃል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

ለኮምፒውተሩ ዘበኛ ተመደበለት። ጋሽ ወልደአረጋይ። ጫማ ሳያወልቁ መግባት የለም።

"ቤተ መቅደስ ነው እንዴ ጋሼ?"

"አቧራ አይወድም ተብሏል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አውልቂ!"

ማሞቂያም ገባለት። ሲመሽ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ለእኛ ቢሮ ማሞቂያ ከጠየቅን አራት ዓመታችን። የካልሲዬ አውራ ጣት መቀደዱን ዛሬ ጣቢያው በሙሉ አወቀ።

ቁልፎቹን መንካት አልተፈቀደልኝም። እኔ የግልገሎቹን ልደት ከደብተሬ አነባለሁ፣ ጓድ ገብረአብ ይጽፋል። የእናቶቹን ልደት ትናንት ብቻውን ጽፎ ጨርሷል። ከምን ላይ እንደቀዳው አልነገረኝም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

"ጳጉሜ 3" ብዬ አነበብኩ።

"ስንተኛ ወር?"

"አሥራ ሦስተኛ።"

ጻፈ። ማሽኑ ጮኸ። ደገመ። ጮኸ። ጋሽ ወልደአረጋይ በሩን በርግደው "ምን አደረጋችሁት?" ብለው ተቆጡን።

"አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። የጳጉሜዎቹን ሰርዣቸው" አለ ጓድ ገብረአብ።

"ሠላሳ ሰባት ናቸው! እዚያ ማዶ ቆመው ሣር እየበሉ ነው! አንዷማ ትናንት ረግጣኛለች።"

"ማሽኑ የሉም ካለ የሉም።"

ያበጠ ቁርጭምጭሚቴን አሳየሁት። ማስረጃ አይሆንም አለ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

እውነቱን ልጻፍ... አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አምና ሁለት ደብተር በእጄ ገልብጬ ናይሮቢ ላሉት ተባባሪዎቻችን ለመላክ አራት ወር ፈጀብኝ። መልሱ ሌላ አምስት ወር። ዛሬ አሥራ አንዱም ደብተር ዲስክ በሚሉት ስስ ጥቁር ነገር ላይ ሰፈረ። የመዘዞን በግና የኬንያን በግ በአንድ ከሰዓት ጎን ለጎን ያስተያዩታል። ማሽኑን መጥላት አቃተኝ። ጌታውን ግን አላቃተኝም።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካለማርያም ዲስኩን ተቀበሉና "ማህተም የሌለው ነገር ከግቢ አይወጣም" አሉ። ዱም! መሀሉ ላይ። ቀለሙ ስለደበዘዘ ደገሙት። ዱም! ጓድ ገብረአብ ራሱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሌላ ዲስክ ተቀዳ። ማህተሙ ፖስታው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ለሁለት ሰዓት ያህል ተሰበሰብን።

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ከናይሮቢ ቴሌክስ መጣ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ግልገሎች እናቶቻቸው ከመወለዳቸው በፊት ተወልደዋል ይላል። አንዲት በግማ ራሷ ልትወለድ ስድስት ዓመት ሲቀራት መንታ ወልዳለች! ምክንያቱ ካልተገለጸ ሥራው አይታተምም።

ታይፒስታችን ሰሊሃ ስታነብልን ሳቅ አሸነፋትና ጠረጴዛ ስር ገባች። "ወላሂ፣ እንዲህ ያለች በግ አልዩ አምባ ገበያ ብትወጣ አባቴ በሬውን ሰጥቶ ይወስዳት ነበር!"

ጓድ ገብረአብ አልሳቀም። "መዝገቡ የወለተሐና ነው። ጻፊ" አላት።

የመልስ ደብዳቤ ተጻፈ። ስሜ ሦስት ጊዜ ገባበት። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።

ለሥራው ቦታ ጠፋ። ለጥፋቱ ሦስት ቦታ ተገኘ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

የውይይት ክበብ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ተነሳሁ። "ጓዶች፣ የጻፈው ማሽኑ ነው ተብሏል። እንግዲያው ማሽኑ ግለ ሂስ ያድርግ።"

ለማሾፍ ነበር... ሰብሳቢው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረው። "ማሽኑ በሚቀጥለው ረቡዕ ይቅረብ።" ጋሽ ወልደአረጋይ እጃቸውን አወጡ። "ይቅርታ ጓድ ሰብሳቢ፣ ብርድ ልብሱን ለብሶ ነው ወይስ አውልቆ?"

ጥያቄው ለላይ አካል ተላለፈ።

የኔ ጉዳይ ግን እዚያው ተወሰነ። እስከ ሰኔ 30 ካልታረመ ደብተሮቼ ሐሰተኛ ተብለው ይወገዳሉ። መንገድ ለመንገድ እየሳቅኩ ገባሁ። ቤት ስደርስ አለቀስኩ። ሦስት ዓመት... ምን ሠራሽ ብባል ምን አሳያለሁ?

እሑድ፣ ሰኔ 14

አንኮበር ወረድኩ። አባባ፣ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነገርኳቸው። በሳቅ ጥምጣማቸው ተፈታ።

"ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር አርባ ዓመቴ። ልጅ እናቱን ሲቀድም ገና ዛሬ ሰማሁ!" ከዚያ ጣታቸውን ቆጠሩ። "የእናቶቹን ልደት የጻፈው ማነው?"

"አለቃዬ ነው፣ አባባ።"

"በማን አቆጣጠር?"

...

ግንባሬን መታሁት። የፈረንጆቹ ከኛ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይቀድማል! እናቶቹ በፈረንጅ ተወልደው ልጆቹ በሐበሻ!

"ይህን ለማወቅ ኮሌጅ ያስፈልጋል፣ ልጄ?"

"አያስፈልግም አባባ።"

"እኔን ለምን አስደከምሽኝ ታዲያ? በቅሎ ሸጬ ነው ያስተማርኩሽ!"

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ሰሊሃን ጠየቅኋት። "ከቢጫው ካርድ ነው የቀዳው፣ አይቼዋለሁ" አለች። ቢጫው ካርድ የውጭ ለጋሾች እናት በጎቹን ለገበሬዎች እንድናከፋፍል ሲያስረክቡን አብረው የሰጡን ነው። ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ። አባባ ልክ ናቸው!

ጓድ ገብረአብ ለሳምንት አዲስ አበባ ስብሰባ ሄዷል። ሰሊሃ አሥር ጣት አላት። እኔ የአባባን ሒሳብ ይዣለሁ። የቀረው ጋሽ ወልደአረጋይ ነበሩ።

"በፍጹም! በሱ ፈቃድ ካልሆነ..."

"የእርስዎንም ዘጠኝ በጎች ማሽኑ ውስጥ እናስገባልዎታለን።"

ጢማቸውን አሻሹ። "ናይሮቢ ድረስ ይታያሉ?"

"ናይሮቢ ድረስ።"

"ጫማችሁን አውልቁ።"

ሰኞ፣ ሰኔ 22

አለቀ! እኔ አስላሁ፣ ሰሊሃ ጻፈች። የግልገሎቹን ልደት በሙሉ ወደ ፈረንጅ መለስነው። ጳጉሜ 3 ሴፕቴምበር 8 ሆነ። ሠላሳ ሰባቱም ማሽኑ ሳይጮህ ገቡ። ያቺ የረገጠችኝም ገባች። ይቅር ብያታለሁ። አሁን እናት ሁሉ ልጇን ትበልጣለች።

በመጨረሻ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ደረስን። ሰሊሃ ዝም ብላ ጠቋሚውን ወደ ቀኝ ገፋችው። ቦታ። ደግሞ ቦታ። ደግሞ ቦታ...

"ኧረ ወለተሐና! ይኼ እኮ ስልሳ ፊደል ይይዛል!"

ስልሳ! አያቱን ቢጨምርበትም ይተርፍ ነበር። ስሜን ጻፍን። የሰሊሃንም። የሱን አላጠፋሁም... እጄን ይዤ እንጂ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 2

ጓድ ገብረአብ የታረመውን አየ። "ማሽኑ ራሱን አረመ ማለት ነው!" ብሎ ተደሰተ። ከዚያ ሦስት ስም አየ። ሁለቱን አጠፋ። ዲስኩን ላከ።

"ቦታ እንዳለው አይተናል፣ ጓድ ገብረአብ።"

"ቦታ መኖሩ ሁሉም ይቀመጥበታል ማለት አይደለም። ሪፖርቱ ሲታተም ከታች፣ ምስጋና ውስጥ እጠቅስሻለሁ። ከሾፌሩ ቀጥሎ።"

ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው። ቢሆንም።

ደብተሮቼ ግን አልተወገዱም። አሥራ አንዱንም ተሸክሜ ቢሮዬ አስገባሁና ቆለፍኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

ናይሮቢ በጣም ተደስተዋል። ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ በክረምት ፀጉሩ የራሰ ግልገል ክብደቱ እንዴት ተወሰደ?

ጓድ ገብረአብ የቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ተጫምቶ ነው የመጣው፤ የኔ ቢሮ አቧራ ይወዳል።

"እንዴት ነበር የምትመዝኛቸው?"

"ማን ነው የጠየቀው?"

"ናይሮቢ።"

"እንግዲያው ለናይሮቢ እመልሳለሁ። በራሴ ስም።"

"የጣቢያውን ደብዳቤ የምፈርመው እኔ ነኝ!"

"ይፈርሙ። የራሰውን ግልገልም ይመዝኑ።"

በሩን በኃይል ዘጋው። ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ደብዳቤው በሰሊሃ እጅ፣ በኔ ስም ተጻፈ፦ ግልገሎቹን በደረቅ ጆንያ አብሳቸዋለሁ፣ በሌላ ደረቅ ጆንያ እመዝናቸዋለሁ፣ የጆንያውን ክብደት እቀንሳለሁ። ቀኑ በማን ደብተር እንደተያዘ፣ ማን እንዳረመውና ማን በአሥር ጣት እንደጻፈው ጨመርኩበት። እሱ "አይቼዋለሁ" ብሎ ፈረመ። አላነበበውም መሰለኝ። እትዬ አስካለማርያም ወረቀቱ ላይ... ዱም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 24

የሪፖርቱ ረቂቅ ከናይሮቢ መጣ። ሦስት ስም አለው። አንደኛ የኔ፣ ሁለተኛ የሰሊሃ። ጓድ ገብረአብ ሦስተኛ። ጋሽ ወልደአረጋይ ዘጠኝ በጎቻቸው ሠንጠረዥ ሁለት ውስጥ መሆናቸውን ሲሰሙ ቁመታቸው ጨመረ።

ጓድ ገብረአብ ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ እስክሪብቶውን አወጣ።

"ስህተት ከተገኘ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

"ብታስቢበት ይሻላል። ከታች ብትሆኚ ማንም አይነካሽም።"

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ።

አሁን በማሽኑ ፊት ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው፣ በእስክሪብቶ፣ ደብተሬ ላይ። አሥራ ሁለተኛው ደብተር ተጀምሯል። የመጀመሪያውን ገጽ ሰኞ እኔው ራሴ ማሽኑ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ለራሴ ልጻፈው፣ እንዳልረሳ። ስህተት ሲገኝ ተጠርቼ፣ ሥራው ሲያምር ተረስቼ አልኖርም። ስሜ ለሁለቱም ይጠራል፣ ወይም ለአንዱም አይጠራም። ከዚህ ያነሰ ከእንግዲህ አልቀበልም። ከሰውም፣ ከማሽንም።