አባባ ምድጃ የገቡት ቃል

ሺቺያኦ መንደር፣ በሁለተኛው ጨረቃ በዘጠነኛው ቀን

ለእማዬ፣ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የሰውን እግር ሁሉ ስታጫማ ለራሷ ጫማ መግዣ ጊዜ ላጣችው፣

እንዴት ነሽ? እኛ አለን። አያቴ አለች፤ ዳክዬዎቹም አሉ፣ ከአንዷ በቀር።

በስልክ ያልነገርኩሽ ወድጄ አይደለም። አያቴ ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አታወራም። ባለፈው «የውስጥ ልብስ ላኪልኝ» ያለችሽን ከድልድዩ ማዶ ያልሰማ የለም። ይሄኛው ደግሞ ለመንደር የሚሆን ወሬ አይደለም።

ነገሩ የሊንግዌ ነው። ስልክ ላይ ዝም ሲልሽ አያቴ «እንቅልፉ መጥቶ ነው» ትልሻለች አይደል? ውሸቷን ነው። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ወንድሜ ለማንም አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ያ አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲንጣጣ የኖረ ልጅ! አስተማሪው መምህርት ታን ቤት ድረስ መጥታ፣ «ንግግሩ ወደ ኋላ እየቀረ ነው። የሆዱን መናገር ያልቻለ ልጅ ደግሞ ሆዱ ይታመማል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተናገረ ከተማ ልዩ ትምህርት ቤት አዳሪ ይግባ» አለች።

«ሆዱንማ በዝንጅብል አሽቼዋለሁ» አለቻት አያቴ።

አዳሪ! እሱ ከሄደ እኔ ማንን ላስለቅስ?

ስለዚህ ማናገሩን እኔ ያዝኩት። መጀመሪያ ሩዙ ውስጥ እንቁራሪት ከተትኩበት። እንቁራሪቷን አውጥቶ ሩዙን በላ። ቀጥዬ የሞትኩ መስዬ ተጋደምኩ። መጥቶ ብርድ ልብስ አለበሰኝ፤ ሞቆኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ የሚወዳትን ዳክዬ ደብቄ «በላኋት» አልኩት። እንባው ዱብ ዱብ አለ እንጂ አፉ አልተከፈተም። (ዳክዬዋ ከደበቅኳት ቦታ በእውነት ጠፍታለች። ለአያቴ እንዳትነግሪ።)

ትናንት አያቴ ጎመን ልትቆርጥ ወደ ጓሮ ስትወርድ የምድጃችንን አምላክ ልመስል ፊቴን ጥላሸት ተቀባሁ፤ ከመጥረጊያ ጭራሮ ጢም ሠራሁ፤ የአያቴን ቀይ ካፖርት ደረብኩ። ሊንግዌ ወጥ ቤት ሲገባ ከማገዶው ክምር ኋላ ብድግ አልኩና፣ «አንተ ሊንግዌ! እኔ አባባ ምድጃ ነኝ! ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስታዘብህ ነበር!» ብዬ አንባረቅኩበት።

እሪ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተንበርክኮ በግንባሩ መሬት ነካ።

«አባባ፣ የበላሁት እኔ ነኝ» አለ።

እማዬ፣ ተናገረ! ድምፁ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ይመስላል፣ ግን ተናገረ።

«ምኑን ነው የበላኸው?»

«ከረሜላዎን።»

መቼም ታውቂያለሽ፣ አሮጌው ዓመት ሊያልቅ ሲል አያቴ የአባባ ምድጃን ሥዕል ከንፈሩ ላይ የብቅል ከረሜላ ትለቀልቅና ታቃጥለዋለች። ሰማይ ሲወጣ የቤታችንን ጉድ እንዳይዘከዝክ አፉ ይጣበቅ ብላ። ዘንድሮ ክብሪት ፍለጋ ዞር ስትል፣ ያ ጉደኛ ልጅሽ ሥዕሉን ጥርግ አድርጎ ልሶታል!

«አፍዎ ሳይጣበቅ ሄዱ» አለ። «አልጋ ላይ መሽናቴን ተናገሩ። እማዬን አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል ‹ሂጂ፣ አልወድሽም› ማለቴንም ተናገሩ። ለዚህ ነው ለአዲስ ዓመት ያልመጣችው። አሁን አፌን በእርስዎ ፋንታ ዘግቼዋለሁ። እባክዎ ይመልሷት።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ።

«ስማ» አልኩት ድምፄን አወፍሬ፣ «እኔ ከረሜላ አልወድም፤ ጥርሴን ያመኛል። እንኳን ላስከው! ደግሞ እናትህን የያዛት የፋብሪካው አለቃ ነው፤ እኔ የማዘው ምጣድና ድስት ብቻ ነው።»

«ለሰማይ ቤት አልተናገሩም?»

«ሰልፉ ረጅም ነው ልጄ። ተራዬ ሳይደርስ ለምሳ ዘጉብኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጢሜ ባንድ ወገን ወልቋል፤ እሱ ግን ልብ አላለውም። «ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው?»

ታውቂኛለሽ፣ ርእሰ መምህሩ ቢጠይቀኝ እንኳ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን የወለቀ ጢሜን ማስተካከል ያዝኩ። እሱ እንደገና አፉን ሊዘጋ ከንፈሩን ሲሰበስብ ደነገጥኩና «ለጀልባ በዓል፣ በአምስተኛው ጨረቃ!» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አስቁሚው ቢሉሽ አታስቆሚውም። ዛሬ ጠዋት መምህርት ታን ፊት የሰማይ ቤቱን ሰልፍ ግማሽ ሰዓት ሲተነትንላት፣ «በቃህ፣ በቃህ፣ ተቀመጥ» አለችው። አዳሪው ቀረ። ግን ለክፍሉ ልጆች፣ ለቶፉ ሻጯ፣ ለዳክዬዎቹ ሳይቀር «እናቴ ለጀልባ በዓል ትመጣለች፤ አባባ ምድጃ ነግረውኛል» እያለ ነው። እኔ የራሴን ቃል ስንቴ በልቻለሁ። ይሄኛው ግን የእሳቸው ቃል ነው፤ እንዴት አድርጌ ልብላው?

የምለምንሽ ለእሱ ስል ነው። እኔ ምንም አልሆንም፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ብቻ የምትመጪበትን ሰዓት ለእኔ ብቻ ላኪልኝ። እሱ ከሰማ ሮጦ ቀድሞ ያቅፍሻል። ፌርማታው ጋ በአጋጣሚ ሳልፍ ታገኚኛለሽ። በዚያ በኩል በየቀኑ ነው የማልፈው።

የስፌት መኪናሽ ክር አይበጥስብሽ፣ ወገብሽን አይመምሽ። አለቃሽንም ለበዓሉ ሰሞን ሦስት ቀን ብቻ ቀላል ትኩሳት ይያዝልሽ።

ያለ ጢም፣
ልጅሽ ዩንሻ