ሽፋኑ ላይ ስላለው ብዥታ

እናታችን በ1948 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛ ሲሆኑ፣ በራሳቸው አነጋገር «የሚላክ ሲጠፋ የሚታወሱ» ልጅ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. በራጅ ባለሙያነት ተመረቁና በከተማው ሆስፒታል ተቀጠሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ «ትንፋሽ ይያዙ፣ እንዳይነቃነቁ»፣ ቀጥሎም «በቃ፣ ይተንፍሱ» ሲሉ ኖሩ። መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸውን ሰው ከፊቱ ይልቅ በጎድን አጥንቱ ነበር የሚያስታውሱት።

በ1974 ዓ.ም. የሆስፒታሉን ሊፍት ሊጠግኑ ከመጡት ከአባታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። ሊፍቱ በሳምንቱ ተመልሶ ተበላሸ፤ ትዳሩ ግን እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ሠርቷል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፍርተዋል።

ሰማይ መጠበቅ የጀመሩት በ1993 ዓ.ም. ነው። ከሥራ መልስ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ ሊሰበስቡ ወጥተው፣ ፀሐይ እንደጠለቀች አንድ ደማቅ ነጥብ ያለ ድምፅ ሰማዩን አቋርጦ ሲሄድ አዩ። ጠያይቀው ሰው የሚኖርበት የጠፈር ጣቢያ መሆኑን ተረዱ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ልብስ ጣሪያ ላይ ማደር ለመደ። ካሜራ ገዙ። የሚያልፍበትን ምሽት አስቀድመው እያጣሩ፣ በውኃ ታንከሮቹ መሐል የካሜራውን ዓይን ለረጅም ጊዜ ከፍተው ይጠብቁ ነበር። መንኮራኩሩ ፎቶው ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። ጎረቤቶች «የሰማይ ዘበኛ» የሚል ስም አወጡላቸው። ቤተሰቡ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መስመር ማየት ሰልችቶት ነበር።

እናታችን ግን የሚመኙት አንድ ፎቶ ነበር፤ ከላይ መስመሩ፣ ከሥር እርሳቸውና አባታችን ጎን ለጎን። ችግሩ፣ የካሜራው ዓይን ተከፍቶ ሳለ የተነቃነቀ ሰው እንደ ጭስ በኖ ይቀራል። አባታችን ደግሞ ፎቅና ፎቅ መሐል የተቀረቀረ ሰው ሲያወጡ ውለው፣ የራሳችን ሕንፃ ሊፍት ስለማይሠራ ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው፣ ጣሪያው ላይ ከእናታችን ጎን የተዘጋጀችላቸውን ወንበር ሲያገኙ ወይ እያንቀላፉ ይወዛወዛሉ፣ ወይ ጀርባቸውን ያካሉ፣ ወይ ጥለው ይወርዳሉ። «ተይኝ እስቲ፣ ሰማዩ እንደሆነ ነገም አለ» ሲሏቸው፣ እናታችን «ሰማዩማ አለ፤ የምትጠፋው አንተ ነህ» ይሏቸው ነበር። እውነትም አልበሙን ሙሉ እናታችን ጥርት ብለው፣ ከአንድ ወንበርና ከትንሽ ጭስ ጋር ተቀምጠዋል።

ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም ያዛቸው። የራሳቸውን ራጅ መስኮት ላይ ይዘው አገላብጠው አዩና «ታካሚዋ ተነቃንቃለች» ብለው እንደገና አስነሡት። ውጤቱ ያው ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት አባታችን ማንም ሳይጠይቃቸው ካሜራውን ይዘው ጣሪያ ወጡ። እናታችንን እኛ ልጆቻቸው ደግፈን አወጣናቸው። አባታችን ከጎናቸው ተቀመጡ። ነጥቡ ሰማዩን አቋርጦ እስኪያልፍ ድረስ አላንቀላፉም፣ አላከኩም፣ የተተከሉ ያህል ቁጭ አሉ። ለእናታችን ግን ሳሉ ፋታ አልሰጣቸውም።

በእጃችሁ ያለው ወረቀት ሽፋን ላይ የምታዩት ያንን ፎቶ ነው። ጥርት ብለው የሚታዩት አባታችን ናቸው። የማተሚያ ቤቱ ሰው ብዥ ያለውን አይቶ፣ የሟች ፊት የሚለይበት ሌላ ፎቶ እንድናመጣ መክሮን ነበር። አልበም ሙሉ ነበረን፤ በሁሉም ግን ብቻቸውን ናቸው። አባታችን «እሷ ናት፤ እንዳትነኳት» አሉ።

እናታችን ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ልብስ አምጪ ተብላ ጣሪያ ከተላከች ቶሎ የማትመለስ አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። ለሰው ሁሉ ሲሉት የኖሩትን ዛሬ እኛ እንበላቸው። በቃ እናታችን፣ ይተንፍሱ።