ሊዝበን ላይ እጄን ያዘኝ

ረቡዕ

«ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነው» አለችኝ መዲና፣ ካርቶን እያሸግን። መዲና ኮንየርስ ከተማ ባለው መጋዘን ከጎኔ ቆማ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። አፏ ልጓም የለውም። «ወንድ ልጅ ድንገት ተነስቶ ሚስቱን አውሮፓ ልውሰድሽ ካለ፣ የሚነግራት ነገር አለ ማለት ነው።» ሳቅኩባት። ቤት ስገባ ግን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ባሌ እንድሪስ አትላንታ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኦፍ ወስዶ አያውቅም። ለዒድ እንኳ ሰግዶ፣ በልቶ፣ ማታ ይወጣል። እኔ ንጋት ላይ ስወጣ እሱ ይገባል፤ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። የምንገናኘው በር ላይ ነው። «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው።» «እሺ።» ትዳራችን ይሄ ነው።

ሶፋ እንቀይር ብዬ ሦስት ዓመት የለመንኩት ሰው፣ ባለፈው ወር እዚያው በር ላይ ቆሞ «ሉቤ፣ አንድ አገር አብረን እንይ» አለኝ። ሉባባ ብቻ እያለ ሲጠራኝ ኖሮ ሉቤ ካለኝ ሰንብቶ ነበር። የት ስለው «የትም፣ ውሃ ያለበት» አለ። ልጃችን ሰሚራ፣ መሀል ከተማ ሚድታውን ቢሮ የምትሠራው፣ በኢንተርኔት የሊዝበን ትኬት ቆረጠችልን። «ማሚ፣ ጀስት ሪላክስ አድርጊ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ሪላክስ እንዴት እንደሚደረግ ግን አልነገረችኝም።

ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት፦ በሶ። ጭኮ። በርበሬ በትንሽ ብልቃጥ። ሁለት መስገጃ። አዲስ ጫማ ለእኔ፣ አሮጌ ጫማ ለእሱ (አዲሱን እምቢ አለ)። የእሱ የዓይን ጠብታ። ለአለርጂ ነው፤ ዘንድሮ የአትላንታ ፖለን፣ የአበባው ብናኝ፣ መኪናውንም ሰዉንም ቢጫ ቀብቶታል።

የሚነግረኝ ነገር ምን ይሆን?

ሐሙስ

አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። የመስኮቱን ወንበር ልስጠው ብል እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ቶሎ ብሎ ገባ። እስኪጨልም ድረስ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆየ።

ድፍረቴን ሰብስቤ «እንድሪስ፣ ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ?» አልኩት።

«አለ» አለኝ። ቀበቶዬን አጠበቅኩ። «ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽ ያብጣል።»

አወለቅኩ። እሱ ተኛ፣ እኔ አልተኛሁም።

ዓርብ

ሊዝበን። ሰሚራ የያዘችልን ሆቴል ያለው አቀበት ላይ ነው። አገሩ በሙሉ አቀበት ነው፤ ደሴ የለመደ እግር ግን አይሰንፍም። መንገዱ ትናንሽ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ያብለጨልጫል፣ ያንሸራትታል። የቤቶቹ ግድግዳ በሰማያዊ ሴራሚክ ተለብጧል፣ እዚህ ወፍ፣ እዚያ መርከብ። ልብስ መስኮት ላይ ይሰጣል። አንዲት ሴትዮ የባሏን የውስጥ ልብስ ያለ ሃፍረት አስጥታ ቁልቁል ታየናለች።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። ከሆቴሉ እንደወጣን እጄን ያዘኝ።

ሃያ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም። ደሴ እያለን አሥር እርምጃ ቀድሞኝ ነበር የሚሄደው፣ የማያውቀኝ ይመስል። አፈርኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። የሚያውቀን የለም። አላስለቀቅኩትም። ቀኑን ሙሉ እንደያዘኝ ዋለ፣ ደረጃ ስንወርድማ አጥብቆ። እኔም የሰርግ ሰሞን ሙሽራ ሆኜ ዋልኩ። የመዲናን ወሬ አሽቀንጥሬ ጣልኩት።

ምሳ ሰርዲን በላን። ደጅ ላይ፣ ከሰል ላይ ጠብሰው በዳቦ ነው የሚሰጡት። እሾሁ ብዛቱ። እንድሪስ ሁለቴ ሲያንቀው ጊዜ እሾሁን እየለቀምኩ አጎረስኩት፤ በርበሬዬንም አወጣሁ። አስተናጋጁ በርበሬውን ቀምሶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ እሱ በተራው በትንሽ ብርጭቆ ቀይ ነገር አመጣልን፣ የቤቱ ግብዣ ነው ብሎ። እንድሪስ ሽሮፕ መስሎት ሊያነሳው ሲል ሽታው አፍንጫዬን መታው። ነጠቅኩት። አረቄ ነው፣ በቼሪ ያጣፈጡት። አስተናጋጁ ሲገባው ሳቀና በብርቱካን ጭማቂ ቀየረልን።

አንድ ነገር ብቻ። እንድሪስ ውሃ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው አጠገብ አፈሰሰው። «ዓይንህ የት ነው ያለው?» ብዬ አሾፍኩበት። ሜኑውንም አንብቢልኝ አለኝ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ ብሎ። መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ



ጠዋት ጥሩ ነበር። በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ በቢጫው ትራም ወጣን። እንድሪስ የትራሙን ሾፌር ከኋላ ቆሞ ሲገመግም ነበር፤ «ፍሬን ያበዛል» አለ። ከሰዓት ኮረብታው ላይ ያለ አሮጌ ግንብ ላይ ወጥተን ወንዙን አየን። ወንዝ ይሉታል እንጂ ባሕር ነው የሚያክለው። አንዱ ከግራው መጥቶ ፎቶ አንሱኝ ሲለው ዝም አለው፣ ዞርም አላለ። ኩራት መስሎኝ በክርኔ ጎሸምኩት። ያኔም አልገባኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስንወርድ፣ አንዲት አፍታ እጁን ለቅቄ ነጠላዬን ላስተካክል አልኩ። ወደቀ። ሰፊ ደረጃ ነው፣ ሕፃን የሚያየው ደረጃ። በጉልበቱ ሄደ፣ መዳፉ ተላጠ። ደግፌ አስቀመጥኩት። ደሙን በመሐረቤ እየጠረግሁ ፊቱን ሳየው፣ እሱ የሚያየኝ መስሎት ጆሮዬ አጠገብ ነበር የሚያየው።

«እንድሪስ፣ ምን ሆነሃል?»

«አይታየኝም» አለ።

ሁሉንም እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ግላኮማ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። ከዳር ከዳር ጨልሞ መሀሉ ብቻ ቀርቶታል፣ በበር ቀዳዳ እንደማየት ነው አለ። ሲመሽ ደግሞ ቀዳዳውም ይጠባል። ጠብታው ለአለርጂ አይደለም። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታው እንያዘው ብሎታል። ማታ እንዳትነዳም ብሎታል።

ማታ እንዳትነዳ። ሥራው ማታ የሆነውን ሰው።

«ታዲያ እንዴት ነው የምትነዳው?»

«በቃሌ» አለኝ። «የብራያርክሊፍን ጎዳና፣ የፒችትሪን ጎዳና፣ የኤርፖርቱን መንገድ በቃሌ ነው የማውቀው። የት መብራት እንዳለ፣ የት ጉድጓድ እንዳለ። እዚህ ነው የተጋለጥኩት፤ ይሄን አገር አላጠናሁትም።»

የጠየቅኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ዓይኑ አልነበረም። «እጄን የያዝከው ለደረጃው ነው?» አልኩት።

«መጀመሪያ ለደረጃው ነበር» አለ።

አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ፀሐይዋን እያየ እኛን ረሳን። አንድ አገር ካንቺ ጋር አይቼ ልጥገብ ብዬ ነው አለኝ፣ ሳይብስብኝ። እዚህ ላይ ልደብቅ አልችልም፤ መዲና ያለቻትን ሁለተኛ ሚስት ለአንድ ደቂቃ ተመኘኋት። እሷን በጥፊ ብዬ እመልሳት ነበር።

እሑድ

ጠዋት አላናገርኩትም። ተናድጃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት የወደቀበትን ደረጃ አይደለም፤ ታክሲው ውስጥ የሚገቡትን ሰዎች ነው። የሚሻገሩትን።

ቁርስ ላይ አወጣሁት። «መንገዱን በቃልህ ታውቀዋለህ። የሚሻገረውን ሰው ግን በቃልህ አታውቀውም።»

«ከማል ለመመረቅ ሁለት ዓመት ቀርቶታል» አለ። ከማል ኮሌጅ ያለው ልጃችን ነው።

«ከማል አባቱን እስር ቤት እየጠየቀ ሊማር ነው? ሰው ገጭተህ?»

ሹካውን አስቀመጠ። «ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ሉባባ» አለኝ። ሉቤ አላለም። «ከመሪው ላይ ተነስቼ ማን ልሁን?» ሥራ አይጠፋም፣ እኔ አለሁ፣ ሰሚራ አለች ማለት እችል ነበር። እሱ የጠየቀው ግን ያንን አይደለም። አንጀቴን በላኝ።

ቀኑን አናበላሸው ተባብለን ወጣን። ማዶ የሚያሻግር ጀልባ ተሳፈርን። ወደ ግራው ያለውን እኔ አየሁለት። «ትልቅ ድልድይ አለ፣ ቀይ። ከሥሩ ሁለት ልጆች አሣ እያጠመዱ ነው፣ አንዱ ራሰ በራ ነው።» «ልጅ ሆኖ ራሰ በራ?» «ከሩቅ ልጅ መስሎኝ ነው፣ ዝም ብለህ ስማ።» ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ራሱን እያዞረ በቀዳዳው ይፈልጋል፣ ሲያገኘው «አገኘሁት» ይላል። አንዷ ወፍ ላይ ብዙ ቆየ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብጽፈው አይጻፍም።

ከጀልባው ወርደን የእንቁላል ክሬም ያለባትን ትንሽ ኬክ በላን። የአሳማ ስብ አለበት ወይ ብዬ ሻጯን በምልክትም በእንግሊዝኛም ጠየቅኩ። ቅቤ ነው፣ ቅቤ ብቻ አለች፣ ቅቤውን አውጥታ እስክታሳየኝ። እኔ ሁለት በላሁ። እሱ አምስት። የስኳር በሽታም ልትጨምርበት ነው አልኩት።

ስንመለስ እጄን ያዘኝ። ሜዳ ላይ ነበርን፣ ደረጃ የለም። ስለ ታክሲው ግን ቃል አልሰጠኝም። «አትጫኚኝ፣ አስባለሁ» ነው ያለው።

ሰኞ

ገባን፣ አልሐምዱሊላህ። ሰሚራ ከኤርፖርት ወሰደችን። እንድሪስ ከፊት ተቀምጦ አንድ በአንድ ተረከላት፦ ግንቡን፣ ትራሙን፣ ራሰ በራውን ልጅ ጭምር። «ኦ ማይ ጋድ፣ ባባ፣ ሶ ኪዩት» ትላለች። እኔን ከኋላ ንገሪያት ንገሪያት ይለኛል። ግን እኔ ከነገርኳት ነገሩን ከእጁ እነጥቀዋለሁ። የራሱ ጉዳይ ነው፣ ራሱ ይንገራት።

መኝታ ቤት ገብተን አንድ ነገር ብቻ አልኩት። «ነገ ማታ የታክሲውን ቁልፍ ካነሳህ በሩ ላይ እቆማለሁ። ገፍትረኸኝ ነው የምትወጣው።»

«ገፍትሬሽ አውቃለሁ?» አለኝ። ይሄ እሺ ነው እምቢ?

ማክሰኞ

ሥራ ደውዬ ቀረሁ። አሞኛል አልኩ፣ ውሸትም አይደለም።

እንድሪስ የዐስርን ሶላት ሰግዶ ልብሱን ለበሰ። ቁልፉን አነሳ። እንዳልኩት በሩ ላይ ቆምኩ።

«ገና ፀሐይ ነው፣ ሉቤ» አለኝ። «የታክሲው ድርጅት ጋራዥ ድረስ ብቻ ነው። መኪናውን ላስረክባቸው።»

«ሰሚራ ትምጣና ትንዳልህ።»

«ብቻዬን ልጨርሰው። ይሄን ብቻ ተይልኝ።»

ዓይኑን አየሁት። ቀጥ ብሎ ነው ያየኝ፣ በዚያች በቀረችው ቀዳዳ። ከበሩ ዞር አልኩ።

ሰዓት ሄደ። ጋራዡ ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት አለፈ። ስልኩ አይነሳም። ሞኝ አንቺ ሴትዮ፣ አመንሽው፣ ሥራ ጀምሯል አልኩ። ከዚያ የባሰውን አሰብኩ። የከተማው አምቡላንስ ሁሉ ወደ እኛ ቤት የሚጮህ መሰለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላው ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ሉቤ፣ ጠፋሁ» አለ።

«እንዴት ትጠፋለህ? ታክሲውስ?»

«አስረክቤያለሁ። በአውቶቡስ ልመጣ ብዬ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ገብቼ አላውቅ፣ ወዴት እንደሚዞር በምን ልወቅ? ሚድታውን ጥሎኛል መሰለኝ፤ እዚህ ያለ ሰው ፒችትሪ ነው አለኝ። ነይና ውሰጂኝ።»

«አስረክቤያለሁ» እንዳለኝ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለኝ እንጂ ከሰፈራችን ከኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ሱቆች አልፌ አላውቅም። ሥራ የምታደርሰኝ መዲና ናት። ቢስሚላህ ብዬ የቤቱን መኪና አስነሳሁ። ሃይዌይ አልገባሁም፣ በውስጥ ለውስጥ፣ እየጸለይኩ፣ እየተነፋብኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ። ጥሩምባ ነፋሁ። ፈለገኝ፣ ፈለገኝ፣ አገኘኝ።

ገብቶ ቀበቶውን አሠረ። እንደ ተሳፋሪ ከቀኝ ወንበር ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። መሪውን አየው። «መስታወቱን እይ፣ ሲግናል አብሪ» አለኝ፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። አልቅሶ ይሁን አላውቅም፣ ዞሬ አላየሁትም። መንገዱን ነበር የማየው።

ትንሽ እንደሄድን «ይሄ ፎቅ መቼ ተሠራ?» አለ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ባለ ታክሲው አንተ ነህ።»

«ነበርኩ» አለ። ከዚያ «እኔ የማየው መብራትና መስመር ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም። ቀስ በይ እስኪ፣ ልየው።»

ቀስ አልኩ። ከኋላ ይነፉብን ጀመር። «ይንፉ» አለ። በሌላው ላይ ሲነፋ የኖረ ሰው። ፎቁን፣ ዛፉን፣ ቡና እየጠጡ የተቀመጡትን ራሱን እያዞረ አየ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ «አንዴ ደግመሽ ዙሪልኝ» አለኝ። ዞርኩለት። ሌላ ዙር ጠየቀኝ፣ እሱንም ዞርኩለት።

ለሰሚራ ነገ ይነግራታል፤ በራሱ አፍ ነው ቃል የገባልኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሠራ፣ ጠብታው እስከ መቼ እንደሚይዝለት አላህ ያውቃል። ዛሬ ፒችትሪን ሦስቴ አየነው።